ረቂቁ ሳይጸድቅ፦ ነዋሪው በመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ላይ ስላለው ድምፅ

አዳራሹ ሞልቷል። ግድግዳው ላይ ባለቀለም ካርታ ተሰቅሏል፤ ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ ሐምራዊው ኢንዱስትሪ፣ አረንጓዴው ክፍት ቦታ ነው። ባለሙያው ለአርባ ደቂቃ ያብራራል። ከዚያ «ጥያቄም አስተያየትም ያለው» ተብሎ መድረኩ ይከፈታል። አንዱ ስለ ቆሻሻ አነሳስ ይናገራል፣ ሌላው ስለ መንገድ መብራት፤ ሦስተኛው ብሶቱን ሲዘረግፍ ሰዓቱ ያልቃል። ሰብሳቢው «ገንቢ አስተያየት ነው፣ እንወስደዋለን» ብሎ ያመሰግናል፣ ሰው ይበተናል። ካርታውም እንደተሰቀለ ይጸድቃል።

እንዲህ ያለውን ስብሰባ የማያውቅ ከተማ እምብዛም የለም። የጠራው አካል ቅን ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያውም ሊያታልል አልመጣ ይሆናል። ነዋሪው ግን የተጠራው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። የተናገረውም ከየትኛው የፕላኑ ክፍል ጋር ተያይዞ እንደተጻፈ፣ ጨርሶ ተጽፎ እንደሆነም አያውቅም። የነዋሪን ድምፅ ክብደት የሚሰጡት ሁለት ነገሮች ናቸው ብዬ አምናለሁ፦ አማራጮች ገና ክፍት ሳሉ መድረሱ፣ እና መልስ ሊነፈገው በማይቻል መልክ መዝገብ ላይ መስፈሩ። አዳራሽ መሙላት ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ስለ ተሳትፎ ሲነሳ አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣችው «መሰላል» ዛሬም ይጠቀሳል። መሰላሉ ስምንት ደረጃ አለው። የታችኞቹ ሁለቱ ነዋሪውን እንዳሻ መጠምዘዝና እንደ በሽተኛ «ማከም» እንጂ ተሳትፎ አይደሉም። መካከለኞቹ ሦስቱ ማሳወቅ፣ ማማከርና ቦታ ሰጥቶ ማስታገስ ናቸው፤ እሷ ለይስሙላ ያለቻቸውም እነዚህን ነው። የላይኞቹ ሦስቱ ደግሞ አጋርነት፣ የተወከለ ሥልጣንና የነዋሪ ቁጥጥር ናቸው። መሰላሉን የምወደው ሰው ሁሉ ስምንተኛው ላይ ይውጣ ስለሚል አይደለም። ለስብሰባ ስንጠራ «የትኛው ደረጃ ላይ ነው ያቆማችሁን?» ብለን እንድንጠይቅ ስለሚያስችለን ነው። ጠሪው «የምናሳውቃችሁ ብቻ ነው» ካለ፣ ቢያንስ እውነቱን ተናግሯል። ማሳወቂያውን «ምክክር» ብሎ መጥራት ግን እምነትን ይበላል፤ የተበላ እምነት ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ባዶ ወንበር ሆኖ ይታያል።

ሰዓቱን በሚመለከት፣ ፕላን በአንድ ቀን አይወለድም። መጀመሪያ የሥራው ወሰንና ዝርዝር ይጻፋል፤ የትኛው አካባቢ እንደሚጠና፣ ምን እንደሚለካ፣ በጀቱ ስንት እንደሆነ የሚወሰነው እዚያ ነው። ቀጥሎ መረጃ ይሰበሰባል፣ የሕዝብ ቁጥርና የቤት ፍላጎት ትንበያ ይሠራል። ከዚያ ሁለት ሦስት አማራጭ ይነደፋል፣ አንዱ ይመረጣል፣ ረቂቁ ይወጣል፣ በመጨረሻም ይጸድቃል። አብዛኛው የሕዝብ ስብሰባ የሚጠራው ረቂቁ ከወጣ በኋላ ነው። ትልልቆቹ ውሳኔዎች ግን ያለፉት ቀደም ብለው ነው። ትንበያው «በሃያ ዓመት ይህን ያህል ቤት ያስፈልጋል» ካለ፣ ያንን ቁጥር ተቀብሎ የካርታውን ቀለም መሟገት ሥሩን ትቶ ቅጠሉን መጎንተል ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈረመው፣ በአካባቢ ጥበቃ ጉዳዮች የሕዝብን መረጃ የማግኘትና የመሳተፍ መብት የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የኦርሁስ ስምምነት የሕዝብ ተሳትፎ ሁሉም አማራጮች ክፍት በሆኑበት በመጀመሪያው ጊዜ እንዲጀመር የሚያስገድደው ለዚህ ነው። የእኛ አባባል ነገሩን በአጭሩ ጨርሶታል፦ ሳይቃጠል በቅጠል።

ስለዚህ ለነዋሪ ማኅበር የመጀመሪያው ሥራ ስብሰባ መጠበቅ አይደለም። የፕላን ጽሕፈት ቤቱ የዓመቱን የሥራ ዕቅድ በጽሑፍ መጠየቅ፣ የትኛው ሰፈር መቼ እንደሚጠና ማወቅ፣ የሥራ ዝርዝሩ ሲጻፍ «የጎርፍ መውረጃው ይጠና፣ የተከራዮች ቁጥር ይቆጠር» የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ ማስገባት ነው። ያች አንድ ገጽ ከሁለት ዓመት በኋላ በአዳራሽ ከሚሰማ ጩኸት ሁሉ ትበልጣለች። ያልተጠና ነገር በረቂቁ አይገባምና።

ቀጥሎ ካርታ ማንበብ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነውና። መጀመሪያ ልኬቱን ፈልጉ። 1:10,000 ከሆነ በካርታው ላይ 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 100 ሜትር ነው። 10 በ20 ሜትር የሆነ ቦታ እዚያ ካርታ ላይ 1 በ2 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከእርሳስ ነጥብ ብዙም አይበልጥም። የመንገድ መስመሩ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ መሬት ላይ 5 ሜትር ይሸፍናል። እንግዲህ መስመሩ አጥራችሁን ይንካ፣ ሳሎናችሁን ይቁረጥ በዚያ ካርታ ላይ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግራችሁ አይችልም፤ «አይነካችሁም» የሚላችሁ ባለሙያም ቢሆን። በ1:2,000 ካርታ ያው መስመር 1 ሜትር ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ቤቴን ይነካል?» ሳይሆን «የመንገዱ መሐል መስመር መጋጠሚያ ነጥቦች (ኮኦርዲኔት) እና የመንገዱ ጠቅላላ ስፋት የተጻፈበት ዝርዝር ሥዕል የት ነው?» የሚል ነው። ሥዕሉ ካለ ይታያል፤ ከሌለም አለመኖሩ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል።

ከቀለሙ ይልቅ አደገኛው በአባሪው ሠንጠረዥ ውስጥ ያለው ቁጥር ነው። ሁለት ዞን፣ ማለትም የየራሳቸው የግንባታ ደንብ ያላቸው ሁለት ክልሎች፣ በካርታው ላይ አንድ ዓይነት ቢጫ ሆነው በሠንጠረዡ ግን ፍጹም የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። የወለል ስፋት ምጣኔ የሚባለው የሁሉም ፎቆች ስፋት ድምር ለቦታው ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ500 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ምጣኔው 2 ከሆነ 1,000 ካሬ ሜትር ወለል መሥራት ይቻላል። ሕንፃው የቦታውን ግማሽ ከያዘ አራት ወለል ይሆናል፤ ሩቡን ብቻ ከያዘ ግን ስምንት። ያው ምጣኔ፣ ሁለት የማይገናኙ ሕንፃዎች። ስለዚህ ምጣኔውን ብቻውን አትከራከሩበት፤ ከፍታው፣ ሕንፃው መሬት ላይ የሚይዘው መቶኛ እና ከወሰን የሚርቅበት ርቀት አንድ ላይ ይጠየቃሉ። ጥላን ማስላትም አስቸጋሪ አይደለም፦ ፀሐይ ከአድማስ 30 ዲግሪ ላይ ስትሆን የ12 ሜትር ሕንፃ ጥላ ወደ 21 ሜትር ይረዝማል። ይህን በወረቀት ላይ አስምሮ ያመጣ ነዋሪና «ፀሐይ ይከለክለናል» ብሎ ብቻ የተናገረ ነዋሪ እኩል አይደመጡም።

በነገራችን ላይ ዞን ራሱ የጥላ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1916 መላ ከተማዋን የሚመለከት የዞን ደንብ ስታወጣ ከገፋፏት ነገሮች አንዱ ከዓመት በፊት ያለቀው ኢኩቴብል የተባለው ግዙፍ ሕንፃ መንገዱ ላይ የጣለው ጥላ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1926 ዩክሊድ በተባለችው መንደር ጉዳይ ዞን ሕጋዊ መሆኑን አጸና። ሥልጣኑ ቀድሞ መጣ፤ የነዋሪው ድምፅ ግን ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው በሥርዓት መጠየቅ የጀመረው።

አሁን ወደ ልቡ እንግባ። በመሬት አጠቃቀም ሁለት ዓይነት ውሳኔ አለ፤ ሁለቱን ያልለየ ሰው በደንብ ተናግሮም ይሸነፋል። አንደኛው ደንብ ማውጣት ነው፦ ለመላው ከተማ ወይም ሰፈር ፕላን ማጽደቅ። እዚህ ላይ «እንዲህ ያለ ከተማ እንፈልጋለን» ማለት ይቻላል፤ እሴትም ምኞትም ቦታ አላቸው። ሁለተኛው ያለውን ደንብ በአንድ ቦታ ላይ ማዋል ነው፦ ለአንድ ባለይዞታ ፈቃድ መስጠት ወይም መከልከል። ይኼኛው ወደ ዳኝነት ይጠጋል። ወሳኙ አካል የሚጠይቀው ማመልከቻው በደንቡ የተጻፉትን መስፈርቶች ያሟላል ወይስ አያሟላም የሚለውን ነው። መቶ ሰው ተቃወመ ወይም ደገፈ የሚለው በራሱ ሚዛን አይደፋም፤ ሊደፋም አይገባም። አንድ ሰው በገዛ ቦታው ያለው መብት በእጅ ብልጫ ከተወሰነ ነገ የእኛም መብት በእጅ ብልጫ ይወሰዳልና።

በእንግሊዝ የፈቃድ ሥርዓት ከመስኮት የሚታየው መልክዓ ምድር መጋረዱ ወይም የቤት ዋጋ መቀነሱ ሚዛን ውስጥ አይገባም። የትራፊክ ደኅንነት፣ ጫጫታ፣ ጥላና የግል ገመና መጋለጥ ግን ይገባሉ። ብዙ ተቃዋሚ የሚጽፈው የማይገቡትን ነው። ልቡ ስለተጎዳበት ነገር ይጽፋል፤ መስፈርቱ ስለሚጠይቀው ነገር አይጽፍም። አሳዛኙ ነገር ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ጉዳይ መሆናቸው ነው፤ የጎደለው አገላለጹ ብቻ ነው።

ምሳሌ ላንሳ። ከሰፈር በላይ ያለ 2,000 ካሬ ሜትር ሣር የለበሰ ሜዳ ለመኪና ማቆሚያ ይጠየቃል እንበል። የታች ሰፈር ሰዎች «ጎርፍ ያጥለቀልቀናል» ብለው ይጽፋሉ። እውነት ነው፤ ግን ለወሳኙ አካል የሚይዘው እጀታ የለውም። እንዲህ ቢጻፍስ? «በደንቡ የፍሳሽ አንቀጽ መሠረት ግንባታው ወደ አጎራባች ይዞታ የሚወርደውን ውኃ መጨመር የለበትም። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው፤ ስለዚህ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በዚህ ቦታ ላይ 60 ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል። ሣር አብዛኛውን ያሰርጋል፤ አስፋልት ግን ሁሉንም ማለት ይቻላል ወደ ታች ይለቃል። የአመልካቹ ጥናት በገጽ ይህን ያህል ላይ ቦታውን ከግንባታው በኋላም በሣር እንደተሸፈነ አድርጎ ቆጥሯል። ከታች ያለው ቱቦ ባለፈው ክረምት በእነዚህ ቀናት ሞልቶ እንደፈሰሰ ፎቶው ተያይዟል። ስለዚህ መስፈርቱ አልተሟላም፤ ከተፈቀደም ውኃውን ይዞ ቀስ በቀስ የሚለቅ ገንዳ በቅድመ ሁኔታ ይጠየቅ።» ይህ ጽሑፍ አምስት ነገር አለው፦ የመስፈርቱ አንቀጽ፣ ቁጥር፣ በአመልካቹ ሰነድ ውስጥ ያለ ስሕተት ከነገጹ፣ ማስረጃ፣ እና የሚጠየቀው ነገር። መጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። «እንቃወማለን» ብሎ ያቆመ ጽሑፍ ወሳኙን ከሁለት ምርጫ ፊት ያቆመዋል፤ ቅድመ ሁኔታ የጠየቀ ግን ሦስተኛ በር ከፍቶለታል።

ይህን ለማድረግ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜ የሚገኘው ደግሞ ከማስታወቂያው ነው። የአሜሪካዋ ኦሪገን ስቴት ሕግ እዚህ ላይ ጥሩ መለኪያ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ኦሪገን እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣችው ሕግ መነሻነት 19 የመሬት አጠቃቀም ግቦችን ደነገገች፤ የመጀመሪያው የእርሻ መሬትም የመኖሪያ ቤትም አይደለም፣ የዜጎች ተሳትፎ ነው። ግቡ የቴክኒክ መረጃ ቀለል ባለና በሚገባ መልክ እንዲቀርብ፣ ለነዋሪው መልስ እንዲሰጥ፣ ለተሳትፎው ሥራ ገንዘብና ሰው እንዲመደብ ያዛል። በአንድ ቦታ ጉዳይ ላይ ችሎት (ወሳኙ አካል ጉዳዩን በይፋ የሚሰማበት ስብሰባ) ከመሰየሙ በፊት ማስታወቂያ በመደበኛው አሠራር ቢያንስ 20 ቀን ቀድሞ በፖስታ ይላካል። ማስታወቂያው በከተማ የዕድገት ወሰን ውስጥ ቢያንስ እስከ 100 ጫማ፣ በእርሻና በደን ዞን ደግሞ እስከ 500 ጫማ ርቀት ላሉ ባለይዞታዎች ይደርሳል። የባለሙያው ሪፖርት ከችሎቱ ቢያንስ 7 ቀን በፊት ለሁሉም ክፍት ይሆናል። 100 ጫማ ማለት 30 ሜትር ገደማ ነው፤ ለትልቅ ሕንፃ በጣም ጠባብ ይመስለኛል። ደግሞም የሚደርሰው ለባለይዞታ ነው፤ ተከራዩ ግቢው ውስጥ እየኖረ ላይሰማ ይችላል።

ማስታወቂያ ሲደርሳችሁ አራት ነገር ፈልጉ፦ የመዝገቡ ቁጥር፣ የትኞቹ መስፈርቶች እንደሚታዩ፣ የጽሑፍ አስተያየት የሚዘጋበት ቀንና ሰዓት፣ እና መዝገቡ የት እንደሚታይ። አንዱ ከጎደለ ጉድለቱን በዚያው ቀን በደብዳቤ አሳውቁ። ከዚያ መዝገቡን ሂዱና ሙሉውን ተመልከቱ፤ ማጠቃለያውን ብቻ አይደለም። የትራፊክ ጥናቱ ተሽከርካሪ የቆጠረው ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሳምንት ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሚገኘው በአባሪው የመጨረሻ ገጾች ላይ ነው። አምስት ስድስት ሰው ሆኖ ሥራ መከፋፈል ይሻላል፦ አንዱ ትራፊኩን፣ አንዱ ፍሳሹን፣ አንዱ ከፍታና ጥላውን ይያዝ፣ አንዱ ደግሞ ቀናቱን ብቻ ይቁጠር።

ችሎቱ ላይ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጣል እንበል። ሦስት ደቂቃ ተረጋግቶ ለሚናገር ሰው ከአንድ ገጽ እምብዛም አይበልጥም። አሥር ሰው ተነስቶ ያንኑ ነገር ከሚደጋግም፣ አሥሩ አሥር የተለያየ ነጥብ ቢይዙ ይሻላል። የተናገሩትን በጽሑፍ አስገብቶ ማኅተም የተመታበት ቅጂ መያዝ ደግሞ አይታለፍም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? በኦሪገን ይህ ከምክር አልፎ ሕግ ነው፦ በችሎቱ መዝገብ ላይ በበቂ ግልጽነት ያልተነሳ ነጥብ በይግባኝ ሊነሳ አይችልም። የመጀመሪያው ችሎት ሳያልቅ ተሳታፊ ከጠየቀ ግን መዝገቡ ለተጨማሪ ማስረጃ ቢያንስ 7 ቀን ክፍት ይቆያል፣ ወይም ችሎቱ ይቀጠራል። ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ «መዝገቡ ክፍት እንዲቆይ እጠይቃለሁ» የሚለውን፣ ሳይናገሩ የወጡ ሰዎች ማስረጃቸውን በማግስቱ ይዘው ቢመጡ የሚቀበላቸው ላይኖር ይችላል።

ሌላው የሚያጠፋ ነገር ከጀርባ መነጋገር ነው። የምክር ቤት አባል ጎረቤት ወይም ዘመድ ከሆነ «ቤት ሄጄ አጫውተዋለሁ» ማለት ያጓጓል። በአንድ ቦታ ጉዳይ ላይ ግን ወሳኙ ከችሎት ውጪ የሰማውን በግልጽ ማሳወቅ አለበት፤ ካላሳወቀ ውሳኔው ራሱ ሊፈርስ ይችላል። ደግነት መስሎን የገዛ ጉዳያችንን እንመርዛለን።

አሁን ስለማይመጡት ሰዎች። ይህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ተመራማሪዎች የ97 ከተሞችን የቤት ልማት ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ አገላብጠው ነበር። ተናጋሪዎቹ ከሰፈሩ ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ በዕድሜ የገፉ፣ ወንዶች፣ የቤት ባለቤቶችና ለረጅም ጊዜ የኖሩ ሆነው ተገኙ፤ አብዛኞቹም አዲስ ቤት እንዳይሠራ የሚቃወሙ ነበሩ። ስለዚህ «ሕዝቡ ተቃወመ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ያላቸው ሰዎች የሌላቸውን በር ሊዘጉበት ይችላሉ፤ ገና ያልመጣው ተከራይ፣ ነገ ቤት የሚፈልገው ወጣት አዳራሹ ውስጥ የለም። ተሳትፎን ከልቤ ብደግፍም ይህን እውነት ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

መድኃኒቱ ስብሰባውን መተው አይደለም፤ ሌላ መንገድ መጨመር ነው። በሥራ ሰዓት የተጠራ ስብሰባ ደመወዝተኛውን ያስቀራል፣ በምሽት የተጠራው ደግሞ ሕፃን የያዘችውን እናት። አንዱን ቀን በሥራ ሰዓት፣ ሌላውን በዕረፍት ቀን ማድረግ፣ ልጅ የሚጠብቅ ሰው መመደብ፣ አውቶቡስ በሚጠበቅበት ቦታ ጠረጴዛ ዘርግቶ ለአምስት ደቂቃ ማናገር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በእንግሊዝ ቶኒ ጊብሰን ያዳበረው ዘዴ በጣም ደስ ይለኛል። የሰፈሩ ሞዴል በካርቶን ይሠራል፤ ነዋሪው ራሱ ቢሠራው የተሻለ ነው። ከዚያ ሰው ሁሉ የሚፈልገውን የያዘ ትንሽ ካርድ በሚፈልግበት ቦታ ላይ ያስቀምጣል። መናገር የሚፈራ ሰው አፉን ሳይከፍት ሐሳቡን አኖረ ማለት ነው። ጮክ ብሎ የሚናገረውም አንድ ካርድ ከማስቀመጥ በላይ ጉልበት የለውም። በኋላ ካርዶቹ «አሁን»፣ «በቅርቡ» እና «ወደፊት» ተብለው ይለያሉ፤ ክርክሩ የሚጀምረው ያኔ ነው፣ ያውም ሰው ላይ ሳይሆን ካርድ ላይ።

ለፕላን ባለሙያዎች አንድ ነገር ብቻ ብለምን የመልስ ሠንጠረዥ ይሆናል። ስድስት ዓምድ ይበቃል፦ ተራ ቁጥር፣ አስተያየቱ፣ የሚመለከተው አንቀጽ ወይም ካርታ፣ የተሰጠው መልስ፣ የተለወጠው ነገር፣ ካልተለወጠም ምክንያቱ። ሦስት መቶ አስተያየት ቢመጣም ተመሳሳዮቹ ሲሰበሰቡ ወደ ጥቂት ደርዘን ይወርዳሉ። «ይታሰብበታል» መልስ አይደለም። «አልተቀበልነውም፤ ምክንያቱም መንገዱ ከ10 ሜትር ቢጠብ የእሳት አደጋ መኪና አይዞርም» መልስ ነው። እንዲህ ያለ መልስ ያገኘ ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ እንደተናቀ ግን አይሰማውም። ሠንጠረዡም ከማጽደቂያው ስብሰባ በፊት ይለጠፍ፤ በኋላ ከሆነ ነዋሪው ጅብ ከሄደ እንደጮኸው ውሻ ይሆናል።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ቀን መቁጠር ይጀመራል። የይግባኝ ጊዜ አጭር ነው፤ በኦሪገን ለመሬት አጠቃቀም ይግባኝ ቦርዱ የሚቀርበው ማስታወቂያ በ21 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን ነው፣ ውሳኔው ከተነገረበት ወይስ በጽሑፍ ከወጣበት፣ ይህን በዚያው ሳምንት አጣሩ። ይግባኙ አዲስ ክርክር አይደለም፤ የተሠራው ከመዝገቡ ጋር ይስማማል ወይ የሚል ምርመራ ነው።

ፈቃዱ በቅድመ ሁኔታ ከተሰጠ ደግሞ ቅድመ ሁኔታዎቹን አንድ በአንድ ገልብጡ፦ ስንት ዛፍ፣ ምን ያህል ስፋት ያለው የእግረኛ መንገድ፣ ውኃ መያዣው ስንት ሜትር ኩብ፣ እስከ መቼ። በብዙ ቦታ ይህን የሚከታተለው ተቆጣጣሪ ቁጥሩ ጥቂት ነው፣ የሚዞርበት ደግሞ ብዙ። ቱቦው አፈር ሳይለብስ ዲያሜትሩን በሜትር ለክቶ፣ ቀን ያለበት ፎቶ አንስቶ፣ የመዝገቡን ቁጥር ጽፎ የሚልክ ነዋሪ ለተቆጣጣሪውም እገዛ ነው። አፈር ከለበሰ በኋላ ግን 60 ሴንቲ ሜትር የተፈቀደው 40 ሆኖ መቀበሩን የሚያሳየው የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ብቻ ነው።